ፏፏቴው ላይ ጥዬው የወጣሁት ወንድሜ

ጥያቄ

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎት ስለ አንድ የልጅነት ጨዋታ ነው። ነገሩ ግን ከጨዋታ አልፎ እንቅልፍ ነስቶኛል።

እኔ ስምንት፣ ታላቅ ወንድሜ አሥራ አንድ ዓመት ሳለን የትምህርት ዕረፍታችንን በሙሉ «ኮንትራ» የሚባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ስንጫወት አሳለፍነው። ሁለት ወታደሮች ጎን ለጎን እየተኮሱ ይሄዳሉ፤ ሰማያዊ ሱሪ የለበሰው የእኔ፣ ቀይ የለበሰው የእሱ ነበር። ለእያንዳንዳችን 3 ነፍስ ይሰጠናል። አንዲት ጥይት ከነካችን ሞት ነው፤ ስንሞት ደግሞ በስንት መከራ ያገኘነው ጥይት የሚበትን መሣሪያ አብሮን ይጠፋል። ጨዋታው የደረሱበትን ቦታ አያስቀምጥም። ዛሬ የደረስንበት ሁሉ ለነገ አይሆነንም፤ ነገ እንደገና ከመጀመሪያው ጫካ ነው። ድልድዩ ከእግራችን ሥር እየፈነዳ ሲሄድ የት ላይ መዝለል እንዳለብኝ ጣቶቼ እስከ ዛሬ ያስታውሳሉ።

የሚያስቀረን ሦስተኛው ደረጃ፣ ፏፏቴው ነበር። እዚያ መንገዱ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ላይ ነው። ቋጥኝ ከላይ ይወርዳል፤ እያመለጡ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ መዝለል ያስፈልጋል። እኔ ፈጣን ነበርኩ። ወንድሜ ግን ሁልጊዜ እዚያ ይሞታል። የእሱ ነፍስ ያልቅና እኔ ብቻዬን ትንሽ ታግዬ እከተለዋለሁ። መጨረሻውን አንድም ቀን አላየነውም። «አንተ እኮ መውጣት አትችልም» እለዋለሁ፤ ዝም ይላል። ቤተሰቡም ነገሩን ተቀበለኝና «ፏፏቴ ላይ የሚቀረው» የወንድሜ ቅጽል ስም ሆነ።

ከዓመታት በኋላ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ሲያቋርጥ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ «እሱ ድሮም ፏፏቴው ላይ ነው የሚቀረው» አልኩ። ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ይደውልልኛል፣ ደህንነቴን ይጠይቃል፤ ስለ ራሱ ግን አንዲት ነገር አይነግረኝም።

ባለፈው ወር ያንኑ ጨዋታ በአዲስ መሣሪያ ላይ አገኘሁትና ብቻዬን ሞከርኩት። ፏፏቴው ላይ ስደርስ ምስሉ እኔን ተከትሎ ወደ ላይ ብቻ እንደሚሄድ አየሁ። አሁን የቆምኩበት ድንጋይ ከማያው ግርጌ ከወጣ በኋላ የለም፤ ወደዚያ የወረደ ይሞታል። እጄ መጫወቻው ላይ ደረቀ። ለካ ወንድሜ መውጣት አቅቶት አልነበረም። እኔ ወደ ላይ ስሮጥ ድንጋዩን ከእግሩ ሥር እየወሰድኩበት፣ የገደልኩት እኔ ነበርኩ።

በሚቀጥለው ወር እኔ ዘንድ አንድ ሳምንት ሊያርፍ ይመጣል። ሠላሳ ዓመት ላለፈው ጨዋታ ይቅርታ ብጠይቀው ይስቅብኝ ይሆን? ምናልባትስ ጭራሹን ረስቶት ይሆን? 30 ነፍስ የሚያስገኘውን የቁልፎች ቅደም ተከተል ዛሬ አውቀዋለሁ፤ በእሱ ተጠቅመን እስከ መጨረሻው ብወስደው ያ ሁሉ ይካሳል?

እህቱ

መልስ

ውድ እህቴ፣

በመጀመሪያ የስምንት ዓመቷን ልጅ ነጻ ላውጣት። ያ ጨዋታ ማን እንደሞተ ያሳያል፤ ማን እንደገደለ ግን የትም ቦታ አይናገርም። አንድ ልጅ ቋጥኝ እያመለጠ ከማያው በታች ያለውን እንዲያስብ መጠበቅም አይቻልም። ኮንትራ እ.ኤ.አ. በ1987 መጀመሪያ የወጣው በሳንቲም ለሚሠሩ የመጫወቻ አዳራሽ ማሽኖች ነው፤ በ1988 ደግሞ በቤት መጫወቻ መጣ። ማሽኑ የሚያተርፈው ተጫዋቹ ቶሎ ሞቶ ሌላ ሳንቲም ሲጨምር ስለሆነ፣ ያ ጭካኔ ቤት ድረስ ተከትሏችሁ ገባ። ስምንቱም ደረጃዎች ለለመዳቸው ሰው ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃሉ። የእናንተን የዕረፍት ወራት የበላው ርዝመቱ አይደለም፤ አንድ ስህተት እንኳን ይቅር አለማለቱ ነው።

ዘመድ ፊት የተናገርሽው ግን የትልቅ ሰው ንግግር ነው። እሱን በልጅነት ማመካኘት አይቻልም። ደብዳቤሽን ሳነብ ያሳሰበኝም ይኸው ነው፤ ስለ ፏፏቴው ብዙ ጻፍሽ፣ ስለዚያ ቀን ግን በጥቂት መስመር አለፍሽ። ስለ ጨዋታው ይቅርታ መጠየቅ ቀላል ስለሆነ ከባዱን እንዳይሸፍንብሽ እፈራለሁ። ረስቶት ይሆን ብለሻል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ቀዩን ሱሪ ረስቶ ሊሆን ይችላል፤ ትምህርቱን ባቋረጠበት ወቅት የተሳቀበትን ሳቅ ግን አይረሳም። እንደመጣ፣ መጫወቻው ገና ሳይከፈት፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ ያን ቀን ያልሽውን ቃል ራሱን ጠርተሽ ይቅርታ ጠይቂው። «ምናልባት አስቀይሜህ ከሆነ» አትበይ። አስቀይመሽዋል። ቅጽል ስሙንም ያወጣሽው አንቺ ነሽና በቤተሰቡ ፊት ከላዩ ላይ የምታነሺለትም አንቺ ነሽ። ዘመድ ሲሰበሰብ ፏፏቴው ላይ ምን እንደተፈጠረ በአንቺ አንደበት ይስሙት።

ስለ ምስጢራዊው ቅደም ተከተል ልመለስ። ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ። የፈጠረው ኮንትራን የሠራው የኮናሚ ኩባንያ ባለሙያ ካዙሂሳ ሃሺሞቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 «ግራዲየስ» የተባለውን ሌላ ጨዋታ ለቤት መጫወቻ ሲያዘጋጅ፣ ራሱ ለመሞከር ስለከበደው። ሠሪው ራሱ የተጠቀመበት ነገር ስለሆነ እንደ ማጭበርበር አልቆጥረውም፤ ብቻውን ለሚጫወት ሰው ያለማንገራገር እመክረዋለሁ።

ለእናንተ ግን በ3 ነፍስ ጀምሩ እላለሁ። 30 ነፍስ ያለው ሰው ወንድሙን ጥሎ ቢወጣ ለወንድሙ ወዲያው ሌላ ነፍስ ይመጣለታልና ምንም የጎደለ አይመስለውም። 3 ብቻ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ዝላይ ወደ ታች መመልከት ይጠይቃል። አንቺ ወንድምሽን መካስ የምትችይበት ቦታ መጨረሻው ሳይሆን ፏፏቴው ነው። እዚያ ስትደርሱ እሱ ይቅደም፤ አንቺ ከታች ሁኚ። ምስሉ በእሱ ፍጥነት ይሂድ። ልቡ ቸኩሎ ጥሎሽ ከወጣ ሙቺ፤ ምንም አትበዪ። ሦስቱንም ነፍስ ከጨረሳችሁ እንደገና ከጫካው ጀምሩ፤ የሚያርፈው አንድ ሳምንት ሙሉ ነው። በመጨረሻው ሌሊት 30ውን ብትከፍቱትና ፍጻሜውን ብታዩት አልከለክልም።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር፤ ትንሽ ቢመስልም ምሽቱን ያበላሻል። የድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን ቁልፉ እንደተነካ ወዲያው ያሳይ ነበር። ብዙ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ግን ምስሉን ለማሳመር ሲሉ ለቅጽበት ያዘገዩታል፤ እንዲህ ባለ ጨዋታ ያች ቅጽበት ትገድላለች። በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ ለጨዋታ የተዘጋጀውን አሠራር ፈልጊና ከመምጣቱ በፊት አብሪው። ወንድምሽ በቴሌቪዥኑ ጥፋት እንደገና «አልችልም» ብሎ እንዲያስብ አልፈልግም።

አንድ ነገር ግን በውስጤ ይመላለሳል። እሱ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ከታች ሆኖ ድንጋዩ ከእግሩ ሥር ሲጠፋ በየቀኑ ያይ ነበር። ለምን እንደሚሞት አላወቀም ብዬ ማመን ይከብደኛል። አንድም ቀን «ቀስ በይ» አላለሽም፤ ወይም አንቺ አታስታውሺም። ፏፏቴው አናት ላይ ሁለታችሁም በሕይወት ከደረሳችሁ ጨዋታውን ለአፍታ አቁሚውና ያኔ ያውቅ እንደነበር ጠይቂው።