መልስ፦ ከምን ልጀምር?

ወዳጄ፣ አካባቢን የማይጎዳ፣ ጎረቤትንም የሚጠቅም የእንግዳ ማረፊያ ለመክፈት ከምን ልጀምር ብለሃል። እኔ ብሆን ከሙቅ ውሃው እጀምር ነበር። ብዙ ኃይል ከሚበሉት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። በፀሐይ የሚሠራ ማሞቂያ አስገጥም። ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይወርድ፣ ለደመናማ ቀን በኤሌክትሪክ የሚያግዝ ይኑረው። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባል አደገኛ ባክቴሪያ ይራባል። ፎጣና አንሶላ በየቀኑ አይታጠብ፤ እንግዳው ሲፈልግ ይበቃል።

ጎረቤትን መጥቀም መዋጮ መስጠት ብቻ አይደለም። እንቁላሉንም አትክልቱንም ከእነሱ ግዛ፣ ሒሳቡንም እዚያው ክፈል። ትንሽ አምራች ዱቤ አይችልም፣ ይህን አደራ እልሃለሁ! ሠራተኛም ከሰፈሩ ቅጠር። ጉድጓድ ልታስቆፍር ካሰብክ ደግሞ አስቀድመህ ጎረቤቶችህን አማክር፤ ብዙ ውሃ ከሳብክ የእነሱ ጉድጓድ ሊደርቅ ይችላል።