«ቅጽል ስም ነው» ሲሉን

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ብሎኬት ማምረቻ ፎርማን ነኝ። ከደቡብ ሱዳን የመጣ፣ የሥራ ፈቃድ ያለው ስደተኛ አብሮን ይሠራል። በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ባሪያው» ነው የሚሉት፣ ቆጠራ ደብተሩ ላይም እንደዚያው ተጽፏል። ስቆጣ «አብሽር፣ ቅጽል ስም ነው» ይሉኛል። ለሌሎቹ በአንድ ብሎኬት 4 ብር ሲከፈል ለሱ 2 ብር ከ50 ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከገንዘቡ እንጀምር፤ ቶሎ የሚያመልጠው እሱ ነው። በቀን 150 ብሎኬት ካወጣ 225 ብር ይጎድልበታል፣ በ26 የሥራ ቀን 5,850 ብር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 14 በሠራተኞች መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። የጽሑፍ ውል ባይኖረውም መብቱ አይቀርም። ክሱን የሚያጸናው ግን ቁጥር ስለሆነ የደብተሩን ገጽ በየማታው በስልክ ያንሳ፤ የሌሎቹ ሒሳብም አብሮ ይታይ።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ይርጋ ማለትም የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ ላይ ነው። የክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ይታገዳል። ባለቤቱ «ከበዓል በኋላ አስተካክላለሁ» ቢል ቀኑ መቁጠሩን አይተውም፤ ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ግን ይርጋው ይቋረጣል። እምቢ ካለ ወደ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት ይሂድ፤ ሠራተኛ ለዚህ የዳኝነት አይከፍልም። አቤት በማለቱ ቢባረር ሕገ ወጥ ስንብት ነው፣ ወደ ሥራ ልመለስ ለማለት ግን 3 ወር ብቻ አለው።

ስድቡ መንገዱ ሌላ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 615 ያስቀጣዋል፤ የሚከሰሰው ግን ተበዳዩ ራሱ በ3 ወር ውስጥ ሲያመለክት ነው። እርስዎ በሱ ፈንታ ፖሊስ ጋ ቢሄዱ አይሠራም፣ ምስክር ግን መሆን ይችላሉ። «ሰደበው» ብሎ መመስከር አይበቃም፤ ቀኑን፣ ማን እንዳለውና የተባለውን ቃል እንዳለ ይመዝግቡ። ጥላቻ የሚቀሰቅስ ነገር ቴሌግራም ላይ ከለጠፉበት ደግሞ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 ይመጣል።

ቅጽል ስም ነው ለሚሉት፦ ባርነት በሀገራችን በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ያን ዘመን ያየ ሽማግሌ ደሴ ላይ ዛሬም አይጠፋም።

ደብተሩ ላይ ያለውን ቃል ተቆጥተው እንዳይፍቁት፤ ማስረጃ ነው። መጀመሪያ ፎቶ ያንሱት። ከነገ ጀምሮ ዓምዱ ላይ ስሙ ይግባ፤ አጻጻፉን ራሱን ይጠይቁት።