ጠረግኩና ፈረምኩ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ሰፈሬ ያለ ጋራዥ ጎራ ብዬ ነበር። አንድ ልጅ ሎደር ሥር ተጋድሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የሀይድሮሊክ ቱቦውን በእጁ ይዳብሳል። ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ ጠፍቶታል። «ጋሼ፣ እናንተ አውሮፕላን ላይ እንዴት ነበር የምታገኙት?» አለኝ።

«እጅህን አውጣ!» ብዬ ጮህኩበት። ደነገጠ። ለምን እንደጮህኩ ለእሱም ለእናንተም ልጻፈው።

ገና ጀማሪ የአውሮፕላን መካኒክ ነበርኩ፤ የሌሊት ፈረቃ ላይ። ጎማው ታጥፎ የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ በባትሪ ስመለከት፣ አንድ የቱቦ መገጣጠሚያ ረጥቧል። ሐምራዊ ነው፤ ከሀይድሮሊክ ፈሳሹ ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም። ያ ፈሳሽ ቆዳ ላይ ያቃጥላል፤ ዓይን ከገባማ አይጣል ነው። ደንቡ ግልጽ ነው። ትጠርጋለህ፣ ፓምፑን ታስነሳለህ፣ በደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሚወርድ ትቆጥራለህ። ከተፈቀደው ካለፈ አውሮፕላኑ አይወጣም።

እኔ የመጀመሪያውን ብቻ አደረግኩ። ጨርቁን ከኪሴ አውጥቼ ጠረግኩ። ሳበራበት ደርቋል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው፣ ብርድ ነው፣ ሻይ አምሮኛል። ፈረምኩ።

ጠዋት የተረከበኝ ጓደኛዬ ነው፤ እንደኔው የመንዝ ልጅ። ፈሳሹ ጎድሎ አገኘው። ወረቀቱ ግን ያ ቦታ ታይቷል ይላል። ፓምፑን አስነስቶ ሌላ ሌላውን ሲፈልግ፣ እግረ መንገዱን እጁን በዚያ መገጣጠሚያ በኩል አሳለፈ።

የመኪና ጎማ ግፊት፣ ፒኤስአይ በሚባለው የግፊት መለኪያ፣ 30 ገደማ ነው። የአብዛኛው የመንገደኛ አውሮፕላን ሀይድሮሊክ 3000 ነው፤ እነ ኤርባስ ኤ380 ደግሞ 5000። በዚያ ግፊት በጠባብ ስንጥቅ የሚወጣ ፈሳሽ ላይታይ ይችላል፤ ጓንቱንም ቆዳውንም በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። «እሾህ የወጋኝ መሰለኝ» ብሎ ሳቀ። ጣቱ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ። ደም እንኳ የላትም። ከሰዓት በኋላ እጁ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ማታ ሐኪሞች ቀደዱት። የሌባ ጣቱ ጫፍ አልተረፈም።

እኔን የጠየቀኝ የለም። «ማን በእጅህ ፈልግ አለህ?» ተብሎ ጥፋቱ የእሱ ሆኖ ቀረ። እኔም ዝም አልኩ።

ጨርቅ አትያዙ ማለቴ አይደለም። አባቴ የጓሳ ገመድ ሲገምድ በመዳፉ እየሳበ ይፈትሸው ነበር፤ የተበጠሰች ሰበዝ ትቧጥጠዋለች። ኤለሮንና ኤሌቬተርን፣ ማለትም አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብሉትንና አፍንጫውን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉትን የክንፍና የጭራ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች፣ የሚስቡት የብረት ገመዶችም እንደዚያው ናቸው። ጨርቅ ይዘህ ትስባለህ፣ የተበጠሰች ሽቦ ካለች ጨርቁን ትይዘዋለች። ቦይንግ 737 ሁለቱም ዋና ሀይድሮሊኮች ቢከዱት፣ ፓይለቱ በእነዚያ ገመዶች፣ በጉልበቱ ነው የሚያዘው። እዚያ ላይ ጨርቁ ያጋልጣል። እኔ ደበቅኩበት።

ነሐሴ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. አንድ የጃፓን ቦይንግ 747 ወድቆ 520 ሰው አለቀ። ከሰባት ዓመት በፊት ጭራው መሬት ነክቶ ተጠግኖ ነበር። የኋላው የግፊት ግድግዳ፣ የመንገደኛውን ክፍል አየር ከጭራው በኩል አፍኖ የሚይዘው፣ ሲጠገን፣ በሁለት ረድፍ ሪቬት (የብረት ማያያዣ ምስማር) መያዝ የነበረበት ቦታ በአንድ ረድፍ ብቻ ተያዘ። ሰባት ዓመት በረረ። አንድ ቀን ግድግዳው አየር ላይ ፈነዳ፤ የጭራውን ክንፍ ገንጥሎ አራቱንም የሀይድሮሊክ መስመር በጠሰ። አራት ሲስተም ምን ይሠራል፣ አራቱም ጭራው ጋ ከተገናኙ? እኔ ግን እሱን ሳስብ የሚታየኝ ጥገናው ላይ የተፈረመው ወረቀት ነው።

የዛሬ ልጆች ስልክ ላይ ቪዲዮ ስላያችሁ ብቻ ሥራውን የቻላችሁት ይመስላችኋል። ይህን ስጽፍ ግን አፈርኩ። እኔ ስልክ አልነበረኝም፤ ማኑዋሉ ግን ብብቴ ሥር ነበር። መች ገለጥኩት?

ስለ መነጽርና ጓንት አልመክርም፤ ታውቁታላችሁ።

ልጁን ካርቶን አስመጣሁት። ቱቦው ዙሪያ ካርቶኑን በእንጨት ይዘን ስናዞረው፣ ከመታጠፊያው ጋ እርጥብ መስመር ተሰመረበት። «ማን አስተማረዎት?» አለኝ። «ጓደኛዬ» አልኩት።

ጓደኛዬ አሁን ደብረ ሲና ነው ያለው። አልፎ አልፎ ጣርማ በርን ወርጄ እጠይቀዋለሁ። ስኒውን በአውራ ጣቱና በመሃል ጣቱ ይዞ ስለ ዝናቡ እናወራለን። «ያን ቀን እኮ የራሴ ጥፋት ነው» ይላል አንዳንዴ። እኔም ስኳር አቀብለኝ እለዋለሁ።