ጊታሩ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ የወደድኩት አንድ ባንድ አለ። ጊታሩ ይጮኻል፣ ድራሙ ደረት ይመታል፣ ድምፃዊው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይዘፍናል። ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ ባለፈው ወር አዲስ አልበም አወጡ። ጊታር የለም ማለት ይቻላል። ኪቦርድ ነው፣ የኮምፒውተር ምት ነው፣ ሹክሹክታ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሰምቼ አለቀስኩ። እንደከዱኝ ነው የተሰማኝ። ከወንድሜ ጋር «በቃ፣ አለቀላቸው» ተባባልን። ባለፈው ሳምንት ግን ልብስ ሳጥብ አንድ ዜማ አፌ ላይ ነበር። ልብ ብዬ ስሰማው የአዲሱ አልበም ስድስተኛ ዘፈን ነው! ከዚያ ወዲህ ከወንድሜ ተደብቄ እየሰማሁት ነው። እውነት ወድጄው ነው? ወይስ ባንዱን ስለምወደው ራሴን እየሸነገልኩ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ለቅሶሽ ገብቶኛል። እኔም ደርሶብኛል።

ሬድዮሄድ የተባለውን የእንግሊዝ የሮክ ባንድ የወደድኩት በጊታሩ ነው። ከአምስቱ አባላት ሦስቱ ጊታር ይጫወታሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡትን አልበም ካሴቱ እስኪላላ ሰምቼዋለሁ። በኦክቶበር 2000 «ኪድ ኤ» የተባለው አልበማቸው ሲወጣ እንደዚያው ጠብቄ ከፈትኩት። መጀመሪያ የመጣው ኪቦርድ ነው። ከዚያ የድምፃዊው የቶም ዮርክ ድምፅ ተቆራርጦ፣ ተደጋግሞ፣ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተጎተተ ገባ። ካሴቱ የተበላሸ መስሎኝ አውጥቼ ሪባኑን አየሁት። ደህና ነበር። አልበሙን እንደዚያ አድርገው የሠሩት ራሳቸው ናቸው። በጣም ተናደድኩ። መሳቢያ ውስጥ ከትቼው ወራት አለፉ።

አንድ ቀን የክፍሌን ግድግዳ ቀለም እየቀባሁ፣ ሌላ የሚሰማ ነገር ሳጣ ከፈትኩት። ሁለቱም እጆቼ ቀለም ስለነበሩ መቀየር አልቻልኩም። ያ ነው የበጀኝ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ቤዙ አንዷን መስመር ይዞ አልለቅም ሲል፣ ብሩሼ ሳላውቀው በምቱ መሄድ ጀመረ። አራተኛው ላይ አኩስቲክ (ያለ ኤሌክትሪክ የሚጮኽ) ጊታር መጣ። ከሥሩ ቫዮሊኖቹ እየተነሱ፣ ዮርክ ያንኑ የድሮውን ረጅም ድምፁን ሲለቀው ብሩሹን አስቀመጥኩ። ሰውዬው እዚያው ነበር። ለካስ እስከዚያ ድረስ የምሰማው የጎደለውን ነው። ያለውን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

በኋላ ታሪካቸውን ሳነብ ደግሞ ይበልጥ ቀረቡኝ። ዮርክ ከ1997ቱ አልበም በኋላ በነበረው ረጅም ጉዞ ዝሎ፣ መጻፍ አቅቶት ነበር። ጊታሪስቱ ጆኒ ግሪንውድ ጊታሩን አስቀምጦ ኦንድ ማርትኖ የሚባል፣ በ1928 የቀረበ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ያዘ። ሌላው ጊታሪስት ኤድ ኦብራየን ደግሞ ተስፋ ያደረገው አጫጭር የጊታር ዘፈኖችን ነበር። አየሽ፣ ባንዱ ውስጥም እንደኔና እንዳንቺ የጊታር ናፍቆት ያለበት ሰው ነበር።

«ከዱኝ» ያልሽውም ቢሆን ያንቺ ብቻ አይደለም። በአኩስቲክ ጊታር የታወቀው አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላን በ1966 እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ላይ የዝግጅቱን ግማሽ ብቻውን በአኩስቲክ ጊታር ተጫወተ። ሁለተኛውን ግማሽ ከኤሌክትሪክ ባንድ ጋር ሲጫወት ከአድማጩ መሀል አንዱ «ይሁዳ!» ብሎ ጮኸበት። ያ ሰው እንደ ጠላት ነው የጮኸው አልልም። በጣም የሚወድ ሰው ነው እንደዚያ የሚቆጣው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሮበርት ዛዮንክ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በ1968 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ደጋግሞ ያየውን ነገር፣ ትርጉሙን ባያውቀው እንኳ፣ እየወደደው እንደሚሄድ አሳይቷል። ስለዚህ «መልመድ ብቻ ቢሆንስ?» ብትዪ ልክ ነሽ፣ መልመድ አለበት። ግን ዘጠነኛ ክፍል እያለሽ የድሮውን አልበም ስንት ጊዜ ሰማሽው? ያም ፍቅር በመልመድ ነው የገባው። ያኔ ማንም ሸንጋይ አላለሽም። ደግሞ መደጋገም ሁሉን አያስወድድም። ከመጀመሪያው አንጀት ያሳረረን ዘፈን ስንደጋግመው ጭራሽ ሊብስብን ይችላል። ልብስ እያጠብሽ፣ ሳታስቢው፣ አፍሽ ራሱ ያወጣውን ዜማ ግን እኔ አምነዋለሁ። በዚያ ሰዓት ማንን ልትሸነግዪ?

አንድ ልምዴን ልንገርሽ። አዲሱን ከመክፈትሽ በፊት የድሮውን አትስሚ። ጆሮሽ ያንን ጩኸት ይዞ ይገባና ሹክሹክታው ባዶ ይመስልሻል። እንዲህ ያለ ቀስ ያለ አዘፋፈን ደግሞ በኤርፎን፣ ጸጥ ባለ ቦታ ነው የሚሰማው። አንድ ጊዜ ድራሙን ብቻ ተከትለሽ ስሚ። ሌላ ጊዜ ቤዙን ብቻ። የድሮ ልጆችሽን እዚያ ታገኚያቸዋለሽ ብዬ እገምታለሁ። ያልጣመሽን ዘፈን ዝለዪው፤ አልበም ሙሉ በሙሉ የመውደድ ግዴታ የለብሽም።

እኔም «ኪድ ኤ» ላይ አምስተኛውን ለረጅም ጊዜ ስዘለው ኖሬያለሁ። ግጥም የለው፣ ምት የለው፣ እንደ ጭጋግ የሚንሳፈፍ ድምፅ ብቻ ነው። ሲንተሳይዘር ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። በኋላ ሳነብ ያ ጭጋግ የኤድ ኦብራየን ጊታር ሆኖ ተገኘ። ዮርክ በኮምፒውተር ለውጦት ነው። የናፈቀኝ ጊታር እዚያው ነበር፣ እኔ ነኝ ስዘለው የኖርኩት። ስለዚህ ያንቺዎቹም ማን ምን እንደተጫወተ የጻፉበት ቦታ ካለ ፈልገሽ አንብቢው።

ከወንድምሽም አትደበቂ። ስድስተኛውን ብቻ፣ የማን እንደሆነ ሳትነግሪው፣ ሌላ ሥራ ይዞ ሳለ ክፈቺለት።