«እንዴት አወቁ?» ማለትን ልመዱ፦ ለባዮሎጂ ተማሪዎች

ልጆች፣ እዚሁ ጅማ ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁንም ተማሪዎች ቡና ላይ ያገኙኝና ደብተራቸውን ያሳዩኛል። «ዳይኒን ወደ ማይነስ ጫፍ ይሄዳል፤ አብዛኛው ኪነሲን ወደ ፕላስ ጫፍ» ይላል፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። ልክ ነው። ሁለቱም በህዋስ ውስጥ ማይክሮቱቡል በሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ የሚራመዱ ሞተር ፕሮቲኖች ናቸው፤ ፕላስና ማይነስ የቱቦው ሁለት ጫፎች ናቸው። «እንዴት አወቁ?» ስላቸው ግን ዝም ይላሉ። ይህ ዝምታ ያሳስበኛል።

የእንቁራሪትን እንቁላል ውሰዱ። ላብራቶሪዎች የሚወዷት ዜኖፐስ የምትባለው የደቡብ አፍሪካ እንቁራሪት እንቁላሏ 1.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በዓይን ይታያል፤ ለአንድ ህዋስ ይህ ግዙፍ ነው። (ዘመዶቿ በእኛም አገር ይኖራሉ።) በውስጡ ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ማይክሮቱቡሎች አሉ፤ ውፍረታቸው 25 ናኖሜትር ነው (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። ሞተር ፕሮቲኖቹ ኤቲፒ የሚባለውን የህዋስ ነዳጅ እየተጠቀሙ በእነሱ ላይ ይራመዳሉ። የኪነሲን አንድ እርምጃ 8 ናኖሜትር ብቻ ናት። እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ያን ሁሉ ስፋት እንዴት ሥርዓት ያስይዙታል?

በ1983 ሎካና ማሱይ የሚባሉ ተመራማሪዎች የእንቁራሪት እንቁላሎችን በሴንትሪፉጅ ጨፍልቀው ፈሳሹን ለዩ። ህዋሱ ፈርሷል፤ ሥራው ግን በላብራቶሪ ቱቦ ውስጥ ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ሰው እንደፈለገ አንድ ነገር መጨመር፣ አንድ ነገር መቀነስ ቻለ። ለእኔ ትልቁ እመርታ ይህ ነው።

በ1996 ሬቤካ ሄልድና ባልደረቦቿ በዲኤንኤ የተለበጡ ጥቃቅን ዶቃዎች እዚህ ፈሳሽ ውስጥ ጨመሩ። በህዋስ ውስጥ ማይክሮቱቡሎችን የሚያደራጀው ሴንትሮሶም የለም። ሆኖም በዶቃዎቹ ዙሪያ ማይክሮቱቡሎች በቀሉ፤ ሞተሮቹ ደረደሯቸው፤ ሁለት ዋልታ (ጫፍ) ያለው ስፒንድል፣ ህዋስ ሲከፈል ክሮሞሶሞችን የሚለያየው መዋቅር፣ ቆመ። ዳይኒንን በፀረ እንግዳ አካል ሲያግዱት ዋልታዎቹ መሰብሰብ አቃታቸው። ኢጂ5 የሚባለው ኪነሲን ሲታገድ ደግሞ ሁለቱ ዋልታዎች አይለያዩም፤ አንድ ብቻ ይቀራል። ደብተራችሁ ላይ «ዳይኒን ዋልታ ይሰበስባል» የሚል መስመር ካለ፣ አንዱ ማስረጃው ይህ ነው። በ2019 ደግሞ ቼንግና ፌረል የሚባሉ ተመራማሪዎች የተደባለቀው የእንቁላል ፈሳሽ ራሱን መልሶ ህዋስ በሚመስሉ ክፍሎች ሲከፋፍል አሳዩ። ለዚያም ማይክሮቱቡልና ዳይኒን ግድ ነበሩ። ይህን ሳነብ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

«ይህ ለእኛ ምን ያደርጋል?» ትሉኛላችሁ። ልጅ ሆናችሁ ትምህርት ቤት የወሰዳችሁትን የሆድ ትላትል ኪኒን፣ አልቤንዳዞልን አስታውሱ። የትሉ ቱቡሊን ላይ ተጣብቆ ማይክሮቱቡል እንዳይገነባ ይከለክላል። ትሉ ግሉኮስ መሳብ ያቅተዋል፤ ጉልበት አጥቶ ይሞታል። ለምን ትሉን እንጂ ልጁን አይጎዳም? የትሉን ቱቡሊን ከእኛ ይበልጥ አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። እሱንስ እንዴት አወቁ? ሂዱና ፈልጉ።

ውድ ማይክሮስኮፕ እስኪመጣ አትጠብቁ። ዝናብ ሲጥል በማለዳ ቦዬ ረግረግ ዳር ውረዱ። አዲስ የተጣለ የእንቁራሪት እንቁላል ካገኛችሁ ጥቂት ብቻ ውሰዱ፣ ከዚያው ውሃ ጋር። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው አይሆንም። በሁለት ብልቃጥ ክፈሉት፤ አንዱን ክፍል ውስጥ፣ ሌላውን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡ። በእጅ ማጉያ መነጽር እያያችሁ መከፋፈሉን ተከታተሉ፤ እያንዳንዱን ሰዓት ጻፉ። ዜኖፐስ በክፍል ሙቀት ከተዳቀለች በኋላ በ90 ደቂቃ ገደማ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከፈላለች፤ ቀጥሎ በየ30 ደቂቃው። የእናንተዋ ሌላ ዝርያ ልትሆን ስለምትችል ቁጥሩ ይለያያል፤ የራሳችሁን ያዙ። ቀዝቃዛው ይዘገያል። ለምን እንደዘገየ መጀመሪያ የራሳችሁን ግምት ጻፉ፤ ያንን ግምት ውድቅ የሚያደርግ ሙከራም አብራችሁ አስቡ። መጽሐፉን ከዚያ በኋላ ክፈቱ። እንቁላሎቹንም ወደ ውሃቸው መልሱ።