«ግሩብ ሬስኪው» ካለሽ ሀርድ ዲስክሽ አልሞተም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ዊንዶውስና ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ያለበት የቆየ ላፕቶፕ ላይ አንድ ባዶ ፓርቲሽን፣ ማለትም አንድ የዲስክ ክፍል፣ አጠፋሽ። ሲነሳ ጥቁር ስክሪን ላይ «ኖ ሰች ፓርቲሽን» (እንዲህ ያለ ፓርቲሽን የለም)፣ ከስሩ «ግሩብ ሬስኪው» ብሎ ቆመ። ግሩብ ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ ኡቡንቱን ወይም ዊንዶውስን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። የወሰድሽለት ባለሙያ ደግሞ «ሀርድ ዲስኩ ሞቷል» አለሽ።

አልሞተም። ያ ጽሑፍ ራሱ ከዲስኩ ተነቦ የመጣ ነው። ዲስኩ ባይሠራ ግሩብ የሚለውን ስም አታዪውም ነበር።

እንዲህ ያለ የቆየ ኮምፒውተር ሲነሳ ሥራው ቅብብል ነው። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ከዲስኩ የሚያነበው የመጀመሪያዋን 512 ባይት ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ 64ቱ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ፣ 2ቱ ማስነሻ ኮድ እንዳለ የሚጠቁም ምልክት ናቸው። ለኮድ የሚተርፈው 446 ነው። ይቺ ኮድ ፋይል ማንበብ አትችልም። የምታውቀው ተረኛው ክፍል ዲስኩ ላይ የት እንደተቀመጠ ብቻ ነው።

ከባሕር ዳር ዘጌ እንደመሄድ ቁጠሪው። ባጃጅ ሐይቅ አይሻገርም፤ ወደቡ ላይ ያወርድሽና ጀልባው ይረከብሻል። ባጃጁ ያቺ ትንሽ ኮድ ናት፤ ጀልባው የግሩብ 2ኛው ክፍል ነው። ፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስኩ ላይ የተደራጁበትን ሥርዓት) ያነባል፤ ሥራውም ኡቡንቱ ውስጥ ያለውን የግሩብ ፎልደር ማግኘት ነው። ሜኑውና (የምርጫ ዝርዝሩና) የቀሩት ሞጁሎች (የግሩብ ተጨማሪ ክፍሎች) እዚያ ናቸው። ከሜኑው በኋላ ከርነሉ (የኡቡንቱ እምብርት) ከጊዜያዊ ፋይል ሲስተሙ ጋር ሜሞሪ ላይ ይጫናል፤ የቀረውን እሱ ይረከባል።

ያንቺ ጀልባ ተነስቷል፤ የተነገረው ወደብ ግን ቦታው ላይ የለም። በቆየው የፓርቲሽን አሠራር ከቁጥር 5 ጀምሮ ካሉት ፓርቲሽኖች አንዱ ሲጠፋ፣ ከኋላው ያሉት ቁጥራቸው ዝቅ ይላል። ኡቡንቱ 6 ነበር፣ አሁን 5 ሆነ። ግሩብ ግን ዛሬም 6ን ነው የሚፈልገው።

ፖሊ ስማር ይሄው ደርሶብኛል። «ፎርማት ይደረግ» አሉኝ፣ እሺ አልኩ። የመመረቂያ ሥራዬና የእናቴ ፎቶዎች አብረው ሄዱ። እስከዛሬ ይቆጨኛል። ሁለተኛ ሲገጥመኝ ግን ሌሊቱን ቁጭ ብዬ በራሴ አወጣሁት።

እንዲህ አድርጊ። ትእዛዞቹን ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፊው። «ኤልኤስ» ብለሽ ኢንተር በይ፤ ፓርቲሽኖቹን ይዘረዝራል። ከዚያ እያንዳንዱን በስሙ ከኋላው እዝባር ጨምረሽ በዚያው ትእዛዝ ክፈቺ። የዊንዶውሱ ላይ «አንኖውን ፋይልሲስተም» ቢልሽ አትደንግጪ፤ በዚህ ደረጃ ግሩብ የዊንዶውስን ፋይል ሲስተም የሚያነብበት ሞጁል ስላልያዘ ነው። «ቡት» እና «ሆም» የሚሉ ፎልደሮች የወጡበት የኡቡንቱሽ ነው። «ሴት» በሚለው ትእዛዝ «ሩት»ን ወደዚያ ፓርቲሽን፣ «ፕሪፊክስ»ን እዚያው ውስጥ ወዳለው የግሩብ ፎልደር አዙሪ። ቀጥሎ «ኢንስሞድ ኖርማል»፣ ከዚያ «ኖርማል» ብቻ። ሜኑው ይመጣል።

ኡቡንቱ ከገባሽ በኋላ «ግሩብ ኢንስቶል»ን ፓርቲሽኑ ላይ ሳይሆን ዋናው ዲስክ ላይ አሂጂ። ይሄን ከዘለልሽ ሲጠፋና ሲበራ ያው ስክሪን ይመለሳል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ያጠፋሽው የኡቡንቱን ፓርቲሽን ራሱን ከሆነ ይሄ አይሠራም፤ የግሩብ ፎልደርም አብሮ ጠፍቷልና። ያኔ የዊንዶውሱን ቡት በፍላሽ ማስተካከል ነው። እሱም ፎርማት አይፈልግም።

«ኤልኤስ» ያወጣልሽን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ ማታ አየዋለሁ። እስከዚያ ማንም ፎርማት እንዳያደርግብሽ።