ከመንዝ ተነስቶ ባሕርን ማጥናት

ከመሐል ሜዳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ደብረ ብርሃን የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ትማሪያለሽ፤ ሦስተኛ ዓመት ነሽ። ስለ ባሕር ጥብቅ ቦታዎች ሰው ምን እንደሚያስብ፣ አንዱ ሲደግፍ ሌላው ለምን እንደሚቃወም ማጥናት ትፈልጊያለሽ። አጎትሽ ደግሞ «ባሕር በሌለው አገር የባሕር ትምህርት ምን ሊረባሽ?» አሉሽ። እውነታቸውን ይሆን ብለሽ ጠየቅሽኝ።

የአጎትሽ ስጋት ከንቱ አይደለም። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የለንም። «የባሕር ጥበቃ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል የሥራ ማስታወቂያም ሰሌዳ ላይ እንዳትጠብቂ። ግን አንቺ የጠየቅሽው ስለ ዓሣ ሳይሆን ስለ ሰው ነው። ለዚህ ደግሞ የመንዝ ልጅ መሆንሽ ትልቅ ስንቅ ነው።

የመንዙን የሣር ተራራ ጓሳን እያየሽ አይደል ያደግሽው? ያ ቦታ ወደ 400 ዓመት ገደማ «ቄሮ» በሚባለው የአካባቢው የጋራ መሬት አያያዝ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሕዝቡ ራሱ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋዋል። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ የቤት ክዳኑ፣ ገመዱ፣ ገሳው ከዚያ ይወጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። ኋላ ሕዝቡ በማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታነት መልሶ ያዘው። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ዛሬ እዚያ አሉ።

ባሕር ላይ ያለውም ክርክር ይኸው ነው። ማን ይዝጋ? ለስንት ጊዜ? የተዘጋበት ሰው እስከዚያው ምን ይብላ? ሜክሲኮ ውስጥ ካቦ ፑልሞ የምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ1995 ባሕሯ ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። ነዋሪዎቹ ራሳቸው ገፍተውበት ስለነበር ማጥመዱን ተዉ፤ ጥበቃውንም ያዙት። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት በባሕሩ ያለው ዓሣ ጠቅላላ ክብደት በ463 ከመቶ ጨመረ። በሕንድ ውቅያኖስ ባሉት የቻጎስ ደሴቶች ግን ሌላ ነገር ሆነ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ዙሪያውን ጥብቅ ባሕር ብላ አወጀች። ከዚያ በፊት የተፈናቀሉት ደሴተኞች «ወደ አገራችን እንዳንመለስ ነው» አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኞች ብሪታንያ «ደሴቶቹ የኔ ናቸው» ለምትለው ለሞሪሸስ ያለባትን ግዴታ ጥሳለች ብለው ወሰኑ። ዓሣ የሚወድ ሁሉ አዋጁን አይወድም። ይህን ልዩነት ሰው ዘንድ ሄዶ የሚያጠና ባለሙያ ያስፈልጋል። በተለይ አሁን፣ አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከየብሱም ከባሕሩም 30 ከመቶውን ለመጠበቅ ከተስማሙ በኋላ።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። በወጣትነቴ በሰሜን ሸዋ ገጠር መጠይቅ አስሞላ ነበር። አንድ አባት ደጃፍ ተቀምጠን «የተከለለውን ቦታ ይደግፋሉ?» አልኳቸው። «አዎ፣ በጣም» አሉኝ። «አዎ» የምትለዋ ላይ ምልክት አደረግኩ። ወረቀቱን አጣጥፌ ጠላ ሲቀርብልኝ፣ በግራ እጃቸው ገመድ እየፈተሉ «አሁን በበጋ በሬዎቼን የት ላድርሳቸው?» አሉ። ዋናው መልስ ያ ነበር። እኔ ግን አልጻፍኩትም። ዛሬም ይቆጨኛል። ሰው ለእንግዳ ደስ የሚለውን ይመልሳል፤ ወረቀት ይዘሽ ስትመጪ ደግሞ የመንግሥት ሰው ትመስይዋለሽ። ይህ ዓሣ አጥማጅ መንደርም ቢሆን ያው ነው። ስለዚህ «ትደግፋለህ ወይ» ብለሽ አትጀምሪ። «ባለፈው ዓመት ሲዘጋ ምን አደረጋችሁ?» በይ።

መመረቂያ ጽሑፍሽን በጓሳ ላይ ሥሪ። በቅርብ ያሉትን ቀበሌዎችና ራቅ ብለው የሚኖሩትን አነጻጽሪ። የሴቶቹን መልስ ለብቻ ያዢ፤ ቤት ለቤት ካልሄድሽ አታገኚውም። መረጃ መሰብሰቢያውን ኮቦን በስልክሽ ተለማመጂ፤ መረጃውን ለመተንተን ደግሞ ኤስፒኤስኤስ ወይም አር የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም እወቂ። እንግሊዝኛሽን በመጻፍ አጠንክሪ፤ ስኮላርሺፕ የሚወድቅብን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ወደ ውሃ ተጠጊ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዓሣና የውሃ አካላት ትምህርት አለ። ሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኗል፤ እዚያ ዓሣ አጥማጁን ማናገር ለባሕሩ ሥራ ጥሩ ልምምድ ነው። ባሕር ዳር ያለውን የማሪታይም ማሠልጠኛ ከዚህ ጋር እንዳታምታቺው፤ እሱ የመርከብ መሐንዲስ ነው የሚያወጣው። ለማስተርስ ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለውን የአውሮፓ ስኮላርሺፕ በየዓመቱ ተከታተይ። እስከዚያው በተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» የሚል ሥራ ሲወጣ አመልክቺ፤ ሙያሽ ያው ነው። ውሃ ዋናም ተማሪ። ይህን በቁም ነገር ነው የምልሽ፤ ጀልባ ላይ ትወጫለሽ።

ለአጎትሽ ደግሞ ከጓሳ በስተ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ በጀማ አድርጎ ዓባይ፣ ዓባይም ሜዲትራኒያን እንደሚገባ ንገሪያቸው። ከዚያ እሳቸውን የመጀመሪያ ተጠያቂሽ አድርጊያቸው፦ ጓሳው ሲዘጋ በቤታቸው ምን ይባል ነበር? መልሳቸውን እንዳለ ጻፊና ላኪልኝ፤ መጠይቁን አብረን እናወጣዋለን።